በጋሽ መኩሪያ መዝገብ ያልተጻፈው ስሜ

የጋሽ መኩሪያን ማረፍ የሰማሁት ጣሪያ ላይ ሆኜ ነው። ገላን ኮንዶሚኒየም፣ የአንዲት ደንበኛዬን ዲሽ አቅጣጫ እያስተካከልኩ ሳለ ስልኬ ጮኸ። የደወለው አቃቂ ከድሮ ሱቄ አጠገብ ጎማ የሚጠግነው ታምሩ ነበር።

"ብሩኬ፣ ጋሽ መኩሪያ አረፉ። ቀብሩ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ነው" አለኝ።

ደንበኛዬ በመስኮት ብቅ ብላ "መጣ! መጣ! ኧረ ሄደ!" እያለች ስለ ምስሉ ትጮኻለች። እኔ ዲሹን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። እውነቱን ልናገርና፣ መጀመሪያ የተሰማኝ ሐዘን አልነበረም፤ እፎይታ ነበር። ከእንግዲህ መንገድ ላይ አላገኛቸውም ብዬ አሰብኩ። ይህን ያሰበ ልቤን እስከ ዛሬ እታዘበዋለሁ።

ጋሽ መኩሪያ አቃቂ ባቡር ጣቢያ ሠላሳ ምናምን ዓመት የሠሩ ሰው ነበሩ። ሥራቸው ባቡሩ ስንት ሰዓት ገባ፣ ስንት ሰዓት ወጣ፣ ስንት ፉርጎ ጎተተ እያሉ መመዝገብ ነው። የድሮው ባቡር ቆሞ ሐዲዱን ሣር ከዋጠው በኋላም ሰዓት መቁጠሩን አልተዉም። መብራት የጠፋበትን፣ ዝናብ የጀመረበትን፣ የጎረቤት ልጅ የተወለደበትን ሰዓት ከነደቂቃው ይነግሩሃል። ጠዋት "እንደምን አደሩ ጋሼ?" ስላቸው እግዜርን ካመሰገኑ በኋላ የእጅ ሰዓታቸውን አየት ያደርጉና "ሁለት ሰዓት ከሰባት። ዛሬ አርፍደሃል" ይሉኝ ነበር። በኛ ሰፈር "ስንት ሰዓት ሆነ?" ከማለት "ጋሽ መኩሪያ አልፈዋል?" ማለት ይቀል ነበር።

ከሰዓታቸው ይበልጥ የሚገርመኝ ግን "አላውቅም" ሲሉ አለማፈራቸው ነው። የዕድራችን ጸሐፊ ነበሩ። ሸምገል ያለ ሰው በስብሰባ መሐል ሲጠየቅ ጉሮሮውን ጠራርጎ የሆነ ነገር ማለቱ አይቀርም፤ እሳቸው ግን "አላውቅም፤ ጠይቄ እመጣለሁ" ብለው ይቀመጡ ነበር። አንድ ጊዜ ይህንኑ አንስቼ ሳሾፍባቸው እንዲህ አሉኝ፤

"ስማ ብሩክ፣ ባቡር የሚያጋጨው የማያውቅ ሰው አይደለም። ሳያውቅ 'መስመሩ ክፍት ነው' ያለ ሰው ነው።"

ስቄ አለፍኩት። ያን ቀን ጆሮዬ ውስጥ የነበረው ቡሽ ምን ያህል ወፍራም እንደነበር የገባኝ ኋላ ነው።

እኔ በዲሽ ሥራ አልታማም። የትኛው ሳተላይት ወዴት እንደሆነ ዓይኔን ጨፍኜ አሳያችኋለሁ። ግን ጊዜው ተለወጠ፤ ሰው ሁሉ ቴሌቪዥን በኢንተርኔት ማለት ጀመረ። እኔም እንዳይቀርብኝ ብዬ ሁለት ሦስት ቪዲዮ አየሁና የሱቄ ታፔላ ላይ "ኢንተርኔት ቲቪ በባለሙያ እንገጥማለን" ብዬ አስጻፍኩ። ባለሙያው እኔ ነኝ። እንገጥማለን ያልኩትም ብቻዬን ነኝ።

የመጀመሪያው ደንበኛዬ ጋሽ መኩሪያ ሆኑ። አንድያ ልጃቸው ሰላማዊት ህንድ አገር ለማስተርስ ሄዳ ነበር። መዳፍ የምታክል፣ ቴሌቪዥንን ከኢንተርኔት የምታገናኝ ጥቁር ቦክስ በሰው እጅ ላከችላቸው። ከቤት ስልካቸው ጋር ኢንተርኔት አስገብተው ስለነበር፣ ቦክሱን ቴሌቪዥናቸው ላይ ገጠምኩላቸው። እንደ ሌላው ሰው "በቃ ይሥራ እንጂ" ብለው አልተዉኝም። የባቡር ጣቢያ ዓይነት ትልቅ ደብተር አወጡ፤ መዝገብ ነው የሚሉት። ስክሪኑ ላይ ያዩትን የእንግሊዝኛ ቃል ሁሉ በአማርኛ ፊደል እየጻፉ "ይኼስ ምንድን ነው?" ይሉኝ ጀመር።

ጠዋት ጠዋት ሱቄ ይመጣሉ። እኔ የሰማሁትን እነግራቸዋለሁ፤ እሳቸው ወስደው ወደ ባቡር ይለውጡታል። ዳውንሎድ ማለት ጭነቱን ሁሉ ከፉርጎ አራግፎ መጋዘን ማስገባት ነው፤ ስትሪሚንግ ግን መጋዘን የለውም፣ ጭነቱ እየወረደ እዚያው ያልቃል። ባንድዊድዝን ለመረዳት ግማሽ ቀን ፈጀባቸውና በመጨረሻ "ገባኝ! እኛ ቤት አንድ ሐዲድ ብቻ ነው ያለው፤ አስካለ በስልኳ መዝሙር ስትከፍት ሁለት ባቡር እየላክንበት ነው" አሉ። እትዬ አስካለ ባለቤታቸው ናቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዜና ሲታይ የእሳቸው ስልክ ይዘጋ ነበር አሉ፤ እትዬ አስካለ ለዚህ እኔን ይቅር ያሉኝ አይመስለኝም።

ጎረቤት ተሰብስቦ ኳስ ሲያይ ምስሉ ቆሞ ያቺ ክብ ነገር መዞር ስትጀምር ሰው ሁሉ ይሳደባል። ጋሽ መኩሪያ እጃቸውን አንስተው ያረጋጋሉ። "ባፈሪንግ ነው። ባቡሩ አልተበላሸም፤ የፊቱ ጣቢያ እስኪለቅለት ቆሞ ነው። ታገሡ።" ቀጥለውም "ይህን የነገረኝ ብሩክ ነው" ይላሉ። እኔ የነገርኳቸው እሳቸው ካሉት ሩቡን አያህልም። ሰው ግን ወደ እኔ ዞሮ ሲያየኝ አንገቴን ቀና አደርግ ነበር።

አንድ ቀን ስለ ምስል ጥራት የነገርኳቸውን ቁጥር ተሳስቼ ኖሮ ሳርመው፣ ላጲስ ላቀብላቸው እጄን ዘረጋሁ። ተቆጡ።

"መዝገብ አይፋቅም! የተሳሳተውን በአንድ መስመር ትሰርዘዋለህ፤ ከሥሩ እንዲነበብ። ቀጥሎ ትክክለኛውን ትጽፋለህ። ሰዓቱን ትጽፋለህ። መጨረሻ ላይ ስሕተቱ የማን እንደሆነ ትጽፋለህ።"

"የማን እንደሆነ ምን ያደርጋል ጋሼ?" አልኳቸው።

"ባቡር ላይ ሰው ይጫናላ" አሉኝ።

እትዬ አስካለ እንዳጫወቱኝ፣ በወጣትነታቸው አንድ ባቡር በእሳቸው ስሕተት ሦስት ደቂቃ ዘገየ። ማንም አላየም። የድሬዳዋው ጣቢያ እንኳ አልጠየቀም። እሳቸው ግን "ስሕተቱ፦ የመዝጋቢው፣ መኩሪያ" ብለው ጽፈው ለአለቃቸው ራሳቸው ወስደው ሰጡ፤ ተቀጡም። "እንዲህ ያለ ጅል ነው ያገባሁት" ይላሉ እትዬ አስካለ፤ ሲሉት ግን ፊታቸው ይበራል።

እንግዲህ ወደዚያ ቅዳሜ ልምጣ። ስንት ጊዜ ልዝለለው ብዬ ነበር።

ሰላማዊት የምትመረቅበት ቀን ደረሰ። ከውጭ አገር ተማሪዎች ተመርጣ በሁሉም ስም ንግግር የምታደርገው እሷ ነበረች። ዩኒቨርሲቲው ምርቃቱን በኢንተርኔት በላይቭ ያስተላልፋል ብላ ሊንኩን ላከች፤ እኔም ቦክሱ ላይ አስገባሁት። "መጨረሻ ላይ ላንተ ብቻ በአማርኛ አንድ ነገር እላለሁ" ብላቸዋለች። ጋሽ መኩሪያ ሳምንቱን ሙሉ በደስታ እግራቸው መሬት አልረገጠም። ጎረቤቱን ሁሉ ጠርተዋል። እትዬ አስካለ ዳቦ ደፍተዋል።

አርብ ማታ ግን አቶ ሁንዴ አረፉ። አቶ ሁንዴ ከአቃቂ የድሮ ገበሬ ቤተሰብ የተወለዱ፣ ከጋሽ መኩሪያ ጋር በአንድ ጣቢያ እየሠሩ ዕድሜ ልካቸውን ሐዲድ ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ናቸው። ቅዳሜ ጠዋት ጋሽ መኩሪያ ጥቁር ኮታቸውን ለብሰው፣ መዝገባቸውን በብብታቸው ይዘው ሱቄ መጡ። ሁለት የብረታ ብረት ፋብሪካ ልጆች ሪሲቨር ሊገዙ ቆመዋል።

"ብሩክ፣ አንድ ነገር በደንብ ንገረኝ" አሉ። "የሁንዴ ቀብር ሰባት ሰዓት ነው። የሕይወት ታሪኩን አንተ አንብብ ብለው ልጆቹ ለምነውኛል። የሰላማዊትም ምርቃት በእኛ አቆጣጠር ሰባት ሰዓት ነው። ይህ ላይቭ የሚባለው ነገር፣ በሰዓቱ ባልኖር ከቀብር መልስ አገኘዋለሁ?"

አላውቅም ነበር። ይኸው ነው፤ ሌላ ማስዋቢያ የለውም። የኳስ ጨዋታ በማግስቱ ተመልሶ ሲታይ አይቻለሁ፤ ስለዚህ ሁሉም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር፣ አበቃ። ዕቃ የሚያመጣልኝ የፒያሳ ልጅ ያውቅ ነበር። የሁለት ደቂቃ ስልክ ነው። ግን ሁለቱ ልጆች እያዩኝ ነው፤ ታፔላዬ ላይ "በባለሙያ" ይላል።

"ጋሼ ደግሞ! ኢንተርኔት እኮ ነው። የሁለት ሰዓት ዜና መሰለዎት እንዴ፣ ካመለጠ የሚቀር?" አልኳቸው።

ልጆቹ ሳቁ። ጋሽ መኩሪያም ፈገግ አሉ፤ ግን አልተንቀሳቀሱም።

"እርግጠኛ ነህ? ካልሆነ ታሪኩን ለሌላ ሰው እሰጣለሁ። ሁንዴ ይቅር ይለኛል፤ ልጅ ምን እንደሆነ ያውቃል።"

"እርግጠኛ ነኝ።"

"ከመጀመሪያው አየዋለሁ?"

"ከመጀመሪያው ጋሼ። መቶ በመቶ!"

መዝገባቸውን ባንኮኒዬ ላይ ዘርግተው እዚያው ጻፉ። "ላይቭ፦ በሰዓቱ የሚተላለፍ፤ ካመለጠም ተመልሶ የሚታይ።" አንብቤ አንገቴን ነቀነቅኩ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ይላል ሰው፤ የእኔው ጭራሽ በቀለም ተጻፈ።

ቀብሩ ላይ እኔም ነበርኩ። ታሪኩን እንዴት አድርገው እንዳነበቡት! "ሁንዴ በሠላሳ ዓመት አንድ ቀን አርፍዶ አያውቅም፤ ዛሬም ይኸው በሰዓቱ መጥቷል" ሲሉ ሰው እያለቀሰ ሳቀ። መሐል ላይ አንድ ጊዜ ቆም ብለው ሰዓታቸውን አዩና ለብቻቸው ፈገግ አሉ። ልጃቸው መድረክ ላይ የወጣችበትን ደቂቃ እያሰቡ ነበር። ያችን ፈገግታ ያየኋት እኔ ብቻ ነኝ፤ አብሬያቸውም ፈገግ አልኩ።

ከቀብር መልስ የጋሽ መኩሪያ ቤት ሞላ። ጋሽ መኩሪያ ኮታቸውን ሳያወልቁ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀመጡ። ቦክሱን አበራሁ፤ ሊንኩን ከፈትኩ። ጥቁር ስክሪን መጣ፤ መሐሉ ላይ አንድ መስመር እንግሊዝኛ። ስርጭቱ አብቅቷል ነው የሚለው። ወጥቼ ገባሁ፤ ያው ነው። ቦክሱን አጥፍቼ አበራሁ፤ ያው ነው። ከኋላዬ ሃያ ሰው ይጠብቃል።

"ምነው ብሩክ?" አሉ ጋሽ መኩሪያ።

አሁን ነበር መናገር። "አጥፍቻለሁ ጋሼ፣ ሳላውቅ ነው የነገርኩዎት" ማለት። አፌን ከፈትኩና "ኔትወርክ ነው" አልኩ።

ሃያው ሰው ተነፈሰ። "ድሮስ! የዚህ አገር ኔትወርክ!" እያለ ሁሉም በየፊናው ያማርር ገባ፤ እኔም አብሬ አማረርኩ። ጋሽ መኩሪያ ግን መነጽራቸውን አድርገው ያችን የእንግሊዝኛ መስመር ቀስ ብለው ያነቡ ነበር።

"ኔትወርክ?" አሉኝ።

"አዎ ጋሼ።"

"እሺ።"

ወዲያው ስልካቸው ጮኸ። እንደ ልማዳቸው ከጆሯቸው ራቅ አድርገው ስለሚይዙት የሰላማዊት ድምፅ ለሁላችንም ይሰማል።

"አባዬ! አየኸኝ?"

ጋሽ መኩሪያ ቀና ብለው አዩኝ። ለሦስት ደቂቃ መዘግየት ራሳቸውን የከሰሱ ሰው ናቸው። በዘመናቸው ሲዋሹ የሰማ ሰው አልነበረም።

"አየሁሽ ልጄ" አሉ። "ኮራሁብሽ።"

"መጨረሻ ላይ ያልኩትን ሰማህ?"

"ሰማሁ የኔ እናት። ሰማሁ።"

ዳቦው ተቆርሶ ሲዞር ተነሥቼ ወጣሁ። እትዬ አስካለ "ምነው ሳትቀምስ?" እያሉ በር ድረስ ተከተሉኝ። ሥራ አለኝ አልኳቸው።

ሰኞ ጠዋት ጋሽ መኩሪያ እንደወትሯቸው ሁለት ሰዓት ላይ መዝገባቸውን ይዘው መጡ። አዲስ ቃል ጠየቁኝ፤ ስለዚያ ቀን አንድም ቃል አላነሡም። ቢቆጡኝ በተሻለኝ። ዝም ማለታቸው አስጨነቀኝና እየቆየሁ ሳያቸው መሸሽ ጀመርኩ። ሲመጡ ከመጋረጃው ኋላ እገባለሁ፤ ታምሩን "ለሥራ ወጥቷል በላቸው" እለዋለሁ። እሳቸውም በትዕግሥት "በምን ሰዓት ይመለሳል?" ይሉታል። ድምፃቸውን ከመጋረጃው ኋላ ሆኜ እሰማ ነበር። ትዳር ይዤ ወደ ገላን ከሄድኩ በኋላ ሱቁን ለሌላ ሰው ለቀቅኩ። ሲደውሉ አላነሣም። በዓል ሲመጣ እደውላለሁ እላለሁ፤ በዓሉ ያልፋል። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። የእኔ ግን እያደር ከበደኝ።

ቀብራቸው ላይ ከሰው ኋላ ቆምኩ። ሰላማዊት የደረሰችው በማግስቱ ነው። በሦስተኛው ቀን ድንኳን ውስጥ ጥግ ይዤ ተቀምጬ ሳለ መጣችና አጠገቤ ተቀመጠች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳለች።

"ብሩክ አንተ ነህ አይደል? አባዬ በየስልኩ ያነሣህ ነበር። ባለሙያው ይልሃል።"

ወደ እኔ ጠጋ ብላ ቀጠለች፤

"የምርቃቴ ቀን ኔትወርክ ጠፍቶ ነው ያላየው አሉኝ ሰዎቹ። እውነት ነው?"

ዙሪያችን ያሉት ለቅሶ ደራሾች ዝቅ ባለ ድምፅ ያወራሉ። "አዎ" ብላት አንድም ሰው አያስተባብለኝም። ሰፈሩ ሁሉ ያንን ውሸቴን አምኖ ኖሯል።

"አይደለም" አልኳት። "ኔትወርኩ ደህና ነበር። ላይቭ ካለፈ እንደማይመለስ አላውቅም ነበር። ሦስት ጊዜ ጠየቁኝ፤ ሦስቴም አውቃለሁ አልኳቸው። ካልሆነ ታሪኩን ሌላ ሰው ያንብብ ብለው ነበር። ያስቀረኋቸው እኔ ነኝ።"

ከዚያ እንዲህ አለችኝ፤

"እንዳላየኝ እኔ ያኔውኑ ነው ያወቅኩት። መጨረሻ ላይ ምን እንዳልኩ ታውቃለህ? 'አባዬ፣ ሰዓቱን መዝግብ' ነው ያልኩት። ሰምቶ ቢሆን ስንት ሰዓት ከስንት ደቂቃ እንደሆነ ሳይነግረኝ ስልኩን ይዘጋ ነበር? ሰማሁ ብቻ አለኝ። እኔም ተውኩት።"

ተነሥታ ወደ ቤት ገባችና መዝገቡን ይዛ ተመለሰች። ገጹን አገላብጣ አንድ ቦታ ላይ ጣቷን አስቀመጠች። ባንኮኒዬ ላይ የተጻፈው መስመር እዚያው አለ፤ በቀጭን መስመር ተሰርዟል፤ ከሥሩ ይነበባል። ቀጥሎ በዚያው እጅ ጽሑፍ፦

"ላይቭ፦ በሰዓቱ የሚያልፍ። አስተላላፊው ካላስቀመጠው ተመልሶ አይገኝም። የታረመው ቅዳሜ፣ 12 ሰዓት ከ20። ስሕተቱ፦ የመዝጋቢው፣ መኩሪያ። ሳያረጋግጥ ጽፏል።"

ቅዳሜ ነው የሚለው። ያንኑ ቀን፣ እኔ ኔትወርክ ነው ብዬ ከወጣሁ ሁለት ሰዓት እንኳ በቅጡ ሳይሞላ። እንደ ልማዳቸው የሚያውቅ ሰው ጠይቀው መሆን አለበት፤ ሰኞ ጠዋት ሱቄ ሲመጡ ሁሉን ያውቁ ነበር። ከመጋረጃው ኋላ ስደበቅባቸውም ያውቁ ነበር። "ሳያረጋግጥ" የምትለዋን ቃል ደጋግሜ አነበብኳት። ሦስት ጊዜ አረጋግጠዋል እኮ።

"እስክሪብቶ አለሽ?" አልኳት።

ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠችኝ። "የመዝጋቢው፣ መኩሪያ" የሚለውንና ከኋላው ያለውን በአንድ ቀጭን መስመር ሰረዝኩ፤ ከሥሩ እንዲነበብ። ቀጥዬ "የነጋሪው፣ ብሩክ። ሳያውቅ አውቃለሁ ብሏል" ብዬ ጻፍኩ። መዝገቡን ዘግቼ ላስረክባት ስል ሰላማዊት ያዘችው።

"ሰዓቱን አልጻፍክም" አለችኝ።

ስልኬን አውጥቼ አየሁ። አሥር ሰዓት ከአርባ አንድ ነበር። ጻፍኩት።